«በቃኝ» ያልኩበት ዓመት

ምግብ ቤቴ ደጃፍ ላይ የተሰቀለ ሰሌዳ አልነበረም። ሰሌዳው እኔ ነበርኩ። ከባሕር ዳር የሚመጡ የጭነት መኪና ሾፌሮች ደብረ ታቦር ሲደርሱ «ምሳ የት እንብላ?» ሲባባሉ «ወፍራሟ ቤት» ነበር መልሱ። ከመናኸሪያው ወረድ ብላ ያለችውን ቤት የማያውቅ እንግዳ ቢጠይቅ «በሩን የሞላች ሴት ስታይ ግባ» ይሉታል። እኔም አብሬ እስቅ ነበር። ምን ላድርግ? ስሙ እንጀራዬ ነው።

እውነቱን ለመናገር በውፍረቴ የሚሰድበኝ ሰው ጥቂት ነበር። በእኛ አገር ወፍራም ሴት ማለት የሞላላት ሴት ናት። «ተመችቶሻል»፣ «አምሮብሻል»፣ «እግዜር አይንሳሽ» ነው የሚሉኝ። የሚታዘንለት የከሳ ሰው ነው። እንግዲህ ጉልበቴ ደረጃ አልወጣ ሲል፣ ተኝቼ ትንፋሼ እየተቆራረጠ ሲያባንነኝ፣ ስኳር አለብሽ ተብዬ ኪኒን ስጀምር ለማን ልንገረው? የጠገበ ሰው ሲያማርር ማን ጆሮ ይሰጠዋል?

ባል ነበረኝ፤ ከተለያየን ቆይተናል፤ ልጅም አልወለድንም። ቤቷን ያቀናኋት ከወጥ ሠሪዬ ጋር ነው። በዕድሜ ይበልጡኛል፤ እኔ እትዬ እላቸዋለሁ፣ እሳቸው ልጄ ይሉኛል። እሳቸው ይሠራሉ፤ እኔ እቀምሳለሁ። ከምስሩ አንድ ማንኪያ፣ ከቅቅሉ አንድ ማንኪያ፣ ጨው አነሰው ከተባለ ደግሞ ሌላ ማንኪያ። ከጠዋት እስከ ማታ ስቀምስ ውዬ በመጨረሻ ለራት እቀመጣለሁ። ሰው ሲበላ ማየት ሥራዬ ነበር፤ እኔ ራሴ ምን ያህል እንደበላሁ ግን አንድም ቀን አላየሁም።

እናቴ የሞተችው በዐቢይ ጾም ነው። የምትኖረው ታላቅ ወንድማችን ዘንድ፣ ከአንበሳሜ ወጣ ብሎ መኪና የማይገባበት መንደር ነበር። መርዶው በጠዋት ደረሰኝና ያገኘሁት መኪና ላይ ተሳፍሬ ሄድኩ። መኪናው መንገዱ ዳር አወረደኝ። ከዚያ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ዳገት ነው። ጤነኛ ሰው ወሬ እያወራ ይወጣዋል። እኔ በየድንጋዩ ላይ ተቀመጥኩ። አብረውኝ ከመኪናው የወረዱት ሴቶች መጀመሪያ ጠበቁኝ፤ ከዚያ «ቀስ ብለሽ ድረሽ» ብለውኝ አለፉ። ፀሐዩ አናቴ ላይ ነው። ደወሉ ይሰማኛል። እግሬ ግን የሌላ ሰው እግር ሆነብኝ።

ወንዶች ከላይ ወርደው መጡ። ትከሻቸው ላይ ቃሬዛ አለ።

«አራት ሆነን እናውጣሽ» አሉኝ።

ቃሬዛውን አየሁት። እናቴን ያወጡበት ነው፤ ከዚያች መንደር ሌላ ቃሬዛ የለም። «እምቢ» አልኩ። «እኔ አልሞትኩም።»

ስደርስ ፍትሐቱ አልቋል፤ አፈሩ ተመልሷል፤ ሰው በየጥላው ተቀምጧል። ወንድሜ ቀና ብለው አዩኝና «ቆየሽ» አሉ። እናቴ ወደ መሬት ስትገባ ሳላያት ቀረሁ።

ታናሽ እህታችን አረብ አገር በሰው ቤት ትሠራለች። በሠልስቱ ደወለችልኝና ሁለታችንም ተላቀስን። «ሳልቀብራት ቀረሁ» እያለች ስትንሰቀሰቅ ሰምቼ፣ አላስችል ብሎኝ፣

«አንቺን ባሕር ነው የከለከለሽ» አልኳት። «እኔን የከለከለኝ የገዛ ገላዬ ነው።»

አፍንጫዋን ስትጠርግ ሰማኋት። ቀጥላም «እንዳትቆጪኝ እንጂ አንድ ነገር ልንገርሽ?» አለችኝ።

«ንገሪኝ።»

«ማዳሜ ያንቺን ያህል ነበረች። ጨጓራዋን አስቆርጣ ዳነች። ያስታመምኳት እኔ ነኝ። መጀመሪያ የጠጣችውን ውሃ በእጄ ነው የሰጠኋት።»

በለቅሶ መሐል ሳቄ መጣ። «ጨጓራ እንደ ጠጉር ይቆረጣል እንዴ?»

«ይቆረጣል። አዲስ አበባም ይሠራል ይላሉ። ጠይቂ።»

ጠየቅሁ። ስኳሬን የሚከታተለው ሐኪም አልሳቀብኝም። ጥቅሙንም አደጋውንም ቁጭ ብሎ አስረዳኝ። «ተአምር አይደለም፤ ዕድሜ ልክ የሚጠበቅ ነገር ነው» አለኝ። ያንን ሰምቼ ነው የወሰንኩት። ተአምር ነው ቢለኝ ኖሮ እጠራጠረው ነበር።

በእናቴ አርባ ሰው ከተበተነ በኋላ ለወንድሜ ነገርኳቸው። አባታችን ገና ልጆች ሳለን ስለሞተ ያሳደጉን እሳቸው ናቸው፤ ጋሼ እላቸዋለሁ፣ በአንቱታ ነው የማናግራቸው። እስከዚያ ቀን ድረስ የተናገሩትን አንድ ቃል መልሼባቸው አላውቅም።

«እግዜር ሰፍቶ የሰጠሽን ጨጓራ ሰው ይቀድደዋል?» አሉ።

«ጋሼ፣ ሰው ትርፍ አንጀት ሲያስወጣ ዝም ይሉ የለ?»

«ያ በሽታ ነው።»

«ይኸም በሽታ ነው።»

«ይኸ ሆዳምነት ነው! ሆድሽ ካስቸገረሽ ጹሚ!»

ከልጅነቴ ጀምሮ ረቡዕና ዓርብ ስቼ የማላውቅ ሰው ነኝ። ሁዳዴን እስከ ሰርክ ነው የምጾመው። ይህን እሳቸው ያውቃሉ፤ ያስጾሙኝ እሳቸው ናቸው። ፊቴ እንደ እሳት ሲነድ ተሰማኝ።

«ስጾም ነው የኖርኩት ጋሼ። ጾም ቢያከሳኝ ኖሮ እናቴን እቀብራት ነበር።»

«ከሄድሽ ደጄን አትርገጪ።»

ነጠላዬን አጣፍቼ ተነሣሁ። ዳገቱን ስወርድ እያለቀስኩ ነው፤ ግን አንድ ጊዜም ወደ ኋላ አላየሁም።

ከተማ ገብቼ ንስሐ አባቴ ዘንድ ሄድኩ። መስቀል ተሳልሜ ነገሩን ከሥር ከመሠረቱ አወራኋቸው። አዳመጡና ጢማቸውን እያፍተለተሉ፣

«ለመዳን ነው ለመዋብ?» ብለው ጠየቁኝ።

«ለሁለቱም ቢሆንስ አባቴ?»

አፋቸውን በነጠላቸው ሸፍነው ሳቁ። «እንግዲያማ ሁለቱንም ይስጥሽ» አሉ።

ያለኝን እህቴ ከላከችልኝ ጋር አዋጥቼ ክረምቱ ሳይገባ፣ መንገድ ተከፍቶ በነበረ ሰሞን፣ አዲስ አበባ ሄድኩ። ስለ ቀዶ ጥገናው ብዙ የምናገረው የለኝም፤ ተኝቼ ነበር። የማስታውሰው ስነቃ ነው። ሆዴ ላይ ትንንሽ ቀዳዳዎች፣ ትከሻዬ ላይ ለምን እንደሆነ ያልገባኝ ሕመም፣ የደረቀ አፍ። አስታማሚ አልነበረኝም፤ እትዬን ቤቷን እንዲጠብቁ ትቻቸው ነው የሄድኩት። ቀዶ ጥገናውን የሠራችልኝ ሐኪም መጥታ የቀረልኝ ጨጓራ ሙዝ እንደሚያህል በጣቷ ለክታ አሳየችኝ። ነርሷ የመድኃኒት መለኪያ በምታህል ትንሽ ብልቃጥ ውሃ ሰጠችኝ። ፉት አልኩ። ደግሜ ፉት አልኩ።

ጠገብኩ።

ሆድ ካገር ይሰፋል ይላሉ አባቶቻችን። የእኔ ሆድ ከተፈጠረ ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ራሱ አፍ አውጥቶ «በቃኝ» አለኝ። በሰው ቤት ስጋበዝ «በቃኝ» ስል ይሉኝታ ነበር፤ ማንም አያምነኝም፣ እኔም አላምነውም። ያን ቀን ግን እውነት ሆነ። ማንም የማያየው አልጋ ላይ ብቻዬን ሳቅሁ። ስስቅ ቁስሉ ያመኛል፤ እንደገና እስቃለሁ።

እህቴ በየቀኑ ትደውላለች። «ምግብ ላይ ውሃ እንዳትጠጪ። አኝኪ። ከዚያም አኝኪ። ቪታሚንሽን እንዳትረሺ። ማዳሜ ረስታ ያየችውን እኔ ነኝ የማውቀው።» ለመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ሾርባና ቀጭን አጥሚት፣ ከዚያ የተፈጨ ነገር፣ ቆይቶ ለስላሳ ምግብ። ምግብ ቤት ያላት ሴት እንደ አራስ ልጅ በሻይ ማንኪያ ተመገበች።

ከቆይታ በኋላ ደብረ ታቦር ተመለስኩና ሥራዬን ጀመርኩ። ክረምቱ በጭጋግና በጋቢ አለፈ፤ ሰው ልብ አላለኝም። መስከረም ጠብቶ ጋቢው ሲወልቅ ግን ከተማው ዓይኑን ገለጠ። ቀሚሴ ላዬ ላይ የተሰቀለ መጋረጃ ሆኗል። ድሮ «አምሮብሻል» ያለኝ አፍ ሁሉ ቀርቦ ያንሾካሹክ ጀመር። አንዳንዱ ካንሰር ነው አለ። አንዳንዱ ስኳሩ ጨረሳት አለ። ብዙው ግን የበሽታውን ስም ሳይጠራ «ያ ነገር ነው» እያለ ከንፈሩን ይመጥጣል። በገበያ ቀን አንዲት የማውቃት ሴት እጄን ይዛ «ጠበል ግቢ እህቴ፤ ስንቱ ድኖ የለ?» አለችኝ። ጤነኛ ነኝ ስላት ይበልጥ አዘነችልኝ።

ከሁሉ የከፋው ገበያዬ ነው። ሾፌሮቹ ቀስ በቀስ ማዶ ወዳለው ምግብ ቤት ተሻገሩ። እትዬ ከሰዓት በኋላ ድስቱን እየከፈቱ «ልጄ፣ ዛሬም ወጡ ተረፈ» ይሉኛል። ለካስ ሰዎች ይበሉ የነበረው የእኔን ገላ አይተው ነው። ሰሌዳዬን አስቆርጬ ጥያለሁ።

አንድ ቅዳሜ በምሳ ሰዓት ቤቱ ደህና ሰው ነበረው። ከድሮ ደንበኞቼ አንዱ፣ ድምፁ ከመኪናው ጡሩምባ የማያንስ ሾፌር፣ ከጓደኛው ጋር ገባ። ቆም ብሎ አየኝና፣

«እኔ እዚህ አልበላም» አለ፤ ቀስ ብሎም አይደለም። «ባለቤቷን የጨረሰ ምግብ እኔን ይምረኛል?»

ሰው ሳቀ። ሁሉም በክፋት አልነበረም፤ ሾፌሩም ራሱ ክፉ ሰው አይደለም። ግን ሳቁ እንዳለ ሆዴ ውስጥ ገባ፤ እዚያ ደግሞ ቦታ የለም። ጭልፋውን እንደያዝኩ ወደ መሐል ወጣሁ። እትዬ ከጓዳ «ተይ ልጄ» ሲሉ ሰምቻለሁ።

«ስሙኝ!» አልኩ። «ሹክሹክታው ይበቃል፤ እኔው ልንገራችሁ። ኤድስ የለብኝም። ቢኖርብኝም በወጥ አይተላለፍም፤ ትልልቅ ሰዎች ናችሁ፣ ይህን ታውቃላችሁ። ካንሰርም የለብኝም። ጨጓራዬን አስቆርጬ ነው። በሐኪም፣ በፈቃዴ፣ በገንዘቤ። ገላው የእኔ ነው፣ ስሸከመው የኖርኩትም እኔ ነኝ። ምግቡ ያው ምግብ፣ ወጥ ሠሪዋም ያው ናቸው። የሚበላ ይብላ። የማይበላ ደግሞ በሩ እነሆ፤ ድሮ እኔ ሞልቼው ነው እንጂ ሰፊ በር ነው።»

ከጭልፋው ወጥ እየተንጠባጠበ ጫማዬ ላይ ይወርዳል። ጥጉ ላይ ሁልጊዜ ብቻቸውን የሚበሉ አንድ ሽማግሌ ነበሩ። ጉርሻቸውን ውጠው፣

«ቆራጥ ሴት!» አሉ።

«ታዲያስ! ቆራጧ!» አለ ከሾፌሩ ጋር የመጣው ሰው። ቤቱ በሳቅ ፈነዳ፤ ያኛው ሳቅ ግን ሌላ ሳቅ ነበር። ሾፌሩ አንገቱን እያሻሸ ጥቂት ቆመና ወንበር ሳበ። «እንግዲያው ቅቅል አምጪልኝ፤ ለእኔ ግን አትቁረጪብኝ፣ ሙሉውን» አለ። ከዚያ ቀን ወዲህ የቤቷ ስም ቆራጧ ቤት ነው። ከሄዱት ሁሉ አልተመለሱም። የተመለሱት ይበቁኛል።

ሁሉ ነገር ድል ነበር ብል ውሸት ነው። ጠጉሬ በእፍኝ እየወለቀ ሻሽ አሥሬ ከረምኩ። ክንዴ ላይና ሆዴ ላይ ቆዳዬ እንደ ባዶ ጆንያ ተንጠለጠለ፤ ዛሬም አለ። ተቻኩዬ የጎረስኩ ቀን ጓሮ ሮጬ አስመልሳለሁ። ደግሞም የምግብ ናፍቆት አለ፤ ይህን የሚያውቅ ያውቀዋል። አንድ ቀን አንድ ገበሬ እንጀራውን በሰፊው እየገመጠ፣ እያጣጣመ፣ ላቡን እየጠረገ ሲበላ ቆሜ አየሁትና እንባዬ መጣ። ጓዳ ገብቼ ሽንኩርት መክተፍ ጀመርኩ። እትዬ ቢላዋውን ከእጄ ወሰዱና «አልቅሺ፤ ሽንኩርቱን ግን ለእኔ ተይው፣ እያበላሸሽው ነው» አሉኝ።

ሁዳዴ ገባ። ይህ ነው ያስፈራኝ። ሐኪሟ እንቁላልና ወተት፣ ሥጋም እንዳላቋርጥ አስጠንቅቃኛለች፤ በዚያች ጠባብ ጨጓራ ሽሮና ጎመን ብቻ ከገባ ሰውነቴ እንደሚደክም ነግራኛለች። ንስሐ አባቴን ጠየቅኋቸው።

«ለታመመና ለአራስ ጾም የለም» አሉ። «አንቺ ደግሞ ገና አራስ ነሽ፤ ራስሽን ወልደሽ። እንቁላሏን ብዪ፣ ወተቱን ጠጪ። ሥጋው ይቆይሽ። ስግደቱን ግን አልተውኩልሽም፤ አሁን ጉልበት አለሽ አይደል?»

ፍቀዱልኝ ብሎ መጠየቅና መብላት ግን ይለያያሉ። የመጀመሪያዋን እንቁላል ጓዳ ውስጥ በራሴ እጅ ቀቅዬ ስልጥ እትዬ ገቡ። እትዬ በጾም ወተት የነካ ማንኪያ እንኳ የማይነኩ ሰው ናቸው። እንቁላሉን አዩ፣ እኔን አዩ፣ ወጡ። ቀናት አለፉ፤ ለሥራ ካልሆነ በቀር አያናግሩኝም። እኔም ልቤ ደነደነ። አልደበቅም አልኩ። እግዚአብሔር ያየኝን ነገር ከእትዬ ብደብቀው ምን ይረባኛል? በየቀኑ በሰዓቱ፣ በሩን ሳልዘጋ እበላለሁ።

አንድ ጠዋት ስገባ ከምድጃው ጥግ አንዲት ትንሽ አዲስ ብረት ድስት ተቀምጣለች፤ ቀይ ጨርቅ እጀታዋ ላይ ታስሮባታል።

«ይቺ ምንድን ናት እትዬ?»

«ያንቺ ናት» አሉ ፊታቸውን ሳያዞሩ። «ከጾም ዕቃዬ ጋር እንዳትደባልቂያት። ምልክቷ ጨርቁ ነው። እንቁላልሽን ደግሞ አብዝተሽ እየቀቀልሽ ታደርቂዋለሽ፤ በዚያ ጉሮሮሽ እንዴት ሊወርድልሽ ነው? ውሃው ሲፈላ ጥሪኝ፤ መቼ እንደሚወጣ ልንገርሽ።»

እስከ ፋሲካ ድረስ እንቁላሉን አልነኩትም። ሰዓቱን ግን አንድ ቀን አላሳለፉብኝም።

የእናቴ ሙት ዓመት በዚያው ጾም ውስጥ ዋለ። መንገድ ተዘግቶ ስለነበር መሄድ አልቻልኩም፤ ወንድሜም አልጠሩኝም። ፋሲካ አልፎ ግንቦት ሲገባ ግን የወንድሜ ልጅ ልትዳር ሆነ። መጥሪያውን የላከችልኝ እሷው ራሷ ናት። «አክስቴ ካልመጣሽ አላገባም» ብላ በስልክ አስፈራራችኝ። ደጄን አትርገጪ የተባልኩ ሰው ነኝ። ሄድኩ።

መኪናው ያው መንገድ ዳር አወረደኝ። ዳገቱ ያው ዳገት ነው። ዘለልኩት አልልም፤ ጉልበቴ ድሮ የተሸከመውን ገና አልረሳም። ግን ወጣሁት። መሐል ላይ የሠርግ ዕቃ የተሸከሙ ሴቶች ደርሼባቸው «ቀስ ብላችሁ ድረሱ» ብዬ አለፍኳቸው። አላወቁኝም። ያን ቃል ማለት እንዴት እንደሚጣፍጥ ልነግራችሁ አልችልም።

ቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ገብቼ የእናቴን መቃብር ተሳለምኩ። ድንጋዩ ሥር ሣር በቅሏል። ብዙ እላታለሁ ብዬ መጥቼ ነበር። ሣሩን እየነቀልኩ ትንሽ ተቀምጬ፣ ደህና ሁኚ ብያት ወደ ሠርጉ ወረድኩ።

ዳሱ ሞልቷል። ወንድሜ በር ላይ ቆመው እንግዳ ይቀበላሉ። ስቀርብ ጎንበስ ብለው፣

«እንኳን ደኅና መጡ፤ ይግቡ፣ ይግቡ» አሉኝ።

በአንቱታ። የገዛ እህታቸውን።

«እንኳን ደኅና ቆዩኝ ጋሼ» አልኩ።

ድምፄን ሲሰሙ እጃቸው አየር ላይ ቀረ። ከእግሬ እስከ ራሴ አዩኝ። ፊታቸው ላይ ያየሁት ቁጣ ይሁን ድንጋጤ እስከ ዛሬ አልለየሁትም። ሰው ከኋላዬ ይገፋ ስለነበር ገባሁና ከሴቶቹ ጋር ተቀመጥኩ።

ምግብ ቀረበ። ከትሪው ዳር በትንሽ በትንሹ ቆንጥሬ እያኘክሁ ሳለ ወንድሜ መጡ። በእጃቸው የያዙት ጉርሻ ሥጋና ቅቤ የጠገበ፣ የልጅ ጭንቅላት የሚያህል ነው። ዳሱ ሁሉ ያያል፤ መኳረፋችንን አገር ያውቃል። ዕርቅ ማለታቸው እንደሆነ ገብቶኛል። እሳቸው ሌላ የዕርቅ ቋንቋ የላቸውም።

«ጉረሺ።»

«ጋሼ፣ በቃኝ።»

«ምን በልተሽ ነው የሚበቃሽ? ጉረሺ! በእናታችን!»

«በቃኝ ጋሼ።»

«የታላቅ ጉርሻ ይመለሳል እንዴ?» አሉ አንድ አዛውንት ከወዲያ ማዶ። ሴቶቹ ጎኔን ጎሸም ያደርጉኛል፤ «ዋጪውና ይለፍ» ይሉኛል። የሚያልፍ ነገር አይደለም። ያንን ብውጥ እዚያው ሙሽራዋ ፊት አስመልሳለሁ፤ ከዚያም የባሰ ሊሆን ይችላል። ወንድሜ እጃቸውን ዘርግተው ቆመዋል፤ ቅቤው በክንዳቸው ይወርዳል።

ተነሣሁ። ጉርሻውን በሁለት እጄ ተቀበልኳቸው። ከዳሩ የጥፍር ያህል ቆርሼ አፌ ውስጥ አደረግሁ። አኘክሁ። ቀስ ብዬ፣ ሐኪሟ እንዳለችኝ፣ ሰው ሁሉ እያየኝ አኘክሁ። ያን ያህል ሰው አንዲት ሴት ስታኝክ ዝም ብሎ ሲጠብቅ ከዚያ በፊትም ከዚያ ወዲህም አላየሁም። ዋጥሁ።

«የእኔ ድርሻ ይኸው ነው» አልኩ። «ቀሪውን አንቱ ይጉረሱልኝ።»

እምቢ ሳይሉ በፊት አጎረስኳቸው። አፋቸው ሞልቶ መናገር ሲያቅታቸው፣ እኔ ተናገርኩ።

«ጋሼ፣ እናቴን ሳልቀብር የቀረሁት በዚያ ገላ ነው። ዛሬ ማንም ሳይሸከመኝ ወጥቼ መቃብሯን ተሳልሜ መጣሁ። ከእህትነት የሚያስወጣኝ ይኸ ከሆነ ይንገሩኝ፤ ልሂድ።»

ያኝካሉ። ዓይናቸው እንባ አቅርሯል፤ ከቁንዶ በርበሬው ይሁን ከሌላ አላውቅም። አንዷ ሴት እልል አለች፤ ሌሎቹም ተቀበሏት። ወንድሜ ዋጡና ወደ ሌላው ትሪ ዞሩ።

ሊመሽ ሲል ስነሣ ግን በትራቸውን ይዘው ተከተሉኝ። እስከ መንገዱ ድረስ ከኋላዬ ይመጣሉ። መኪናው ሲመጣ ብቻ፣

«ሐኪሞቹ ምላስሽን ረስተውታል» አሉ። «እሱንም ቆረጥ ቢያደርጉት ምን ነበረበት?»

«አልጠየቅኋቸውም ጋሼ።»

ዛሬ ለገበያ ሲመጡ ቤቴ ይበላሉ። ስለ ጨጓራዬ ግን አንድም ጊዜ አንስተው አያውቁም። ተስማምተዋል አልልም። ይመጣሉ፤ ይበቃኛል።

በክረምቱ መግቢያ ደግሞ ሽማግሌ ተላከብኝ። ላኪው የእብናት እህል ነጋዴ ነው፤ ደብረ ታቦር በመጣ ቁጥር እኔው ቤት ሲበላ የኖረ፣ ሚስቱ የሞተችበት ሰው። ሽማግሎቹ «አሁን ደግሞ ሸንቀጥ ብለሻል፤ ለምን ብቻሽን ትኖሪያለሽ?» አሉኝ።

«ሰውዬው ስሜን ያውቀዋል?» አልኳቸው።

ተያዩ።

«ይህን ያህል ዘመን ቤቴ ሲበላ ማን ትባያለሽ ብሎኝ አያውቅም። ስፋፋ ያላየኝ ዓይን ስሸነቅጥ ካየኝ፣ ያየው እኔን አይደለም። ንገሩልኝ፤ እንደ ድሮው መጥቶ ይብላ።»

ቅር ሳይላቸው አልቀረም፤ የቀረበላቸውን ግን አልተዉትም።

አሁን አንዳንድ ሴቶች ይመጡብኛል። ፊታቸውን ሸፈን አድርገው፣ ሰው የሌለበትን ሰዓት ጠብቀው፣ «እኔም ላስቆርጥ?» ይላሉ። አንዷ አስተማሪ ናት፤ አንዷ ከአረብ አገር በቅርብ የተመለሰች ልጅ፤ አንዷ ሐሙሲት ከተማ ጨርቅ የምትነግድ። አስቆርጪም አታስቆርጪም አልልም፤ እሱ የሐኪምና የራሷ ጉዳይ ነው። ያሳለፍኩትን እነግራቸዋለሁ፤ የወለቀውን ጠጉር፣ የተንጠለጠለውን ቆዳ፣ ጓሮ ያስመለስኩትን ሁሉ። ክንዴን ገልጬ አሳያለሁ። ከዚያ «ሳይቆረጥም የሚሆን ነገር አለ፤ ነገ ጠዋት እንሂድ» እላቸዋለሁ።

ስለዚህ ቤቷን ከመክፈቴ በፊት ጠዋት ጠዋት በእግራችን እንወጣለን፤ ከከተማው ወጣ ብለን፣ የገብሱን ማሳ ይዘን፣ ጉና ፊት ለፊታችን በጉም እንደተሸፈነ። አንዷ ወፍራም፣ አንዷ ቀጭን፣ አንዷ በጫማዋ የምታማርር። ውሃ የሚቀዱ ሰዎች ቆመው ያዩናል። ይጠቋቆሙብናል። «እነዚህ ሴቶች ወዴት ነው የሚሄዱት?» ይባባላሉ።

የትም አንሄድም። ሲጠቁሙብን «እንደምን አደራችሁ» እንላቸዋለን፤ ያልፋሉ፤ እናልፋለን።